ጨዋዎቹ ዱባዎች

ተረት ተረት ስል፣ የዱባ አጥር በሉኝ።

በአንድ ጓሮ ውስጥ ዘራቸውን የሚቆጥሩ ዱባዎች ነበሩ። ሐረጋቸው ወፍራምና ለስላሳ፣ ኩራታቸው ከፍሬያቸው የከበደ ነበር። ውለው የሚያድሩት ከአጥሩ ሥር የበቀለውን፣ ሐረጉ እንደ እንጨት የጠነከረውን የዱር ዱባ ሲያንጓጥጡ ነው። ከመካከላቸው አንዲት ዓይናፋር ዱባ ብቻ አንገቷን ትደፋለች። አባቷ ያ የዱር ዱባ መሆኑን ንብ በጆሮዋ ሹክ ብላት ነበርና፣ እንደ እሱ የጠነከረ ሐረጓን በቅጠሏ ሸፍና ትኖራለች።

ክረምት ሲገባ ሰርሳሪ ትል መጣ። የዱባዎቹን ሐረግ አንድ በአንድ እየበሳ ገባ፤ ዓይናፋሯን ግን ነክሶ ጥርሱን ሲያመው ተዋት።

"አንቺን ምን ብሎ ማረሽ?" አለች ታላቋ ዱባ፣ ቅጠሏ እየጠወለገ።

"እትዬ፣ እስከ ዛሬ አፍሬ ደብቄ ነው እንጂ፣ እኔ የዚያ የአጥር ሥሩ ልጅ ነኝ" አለች ዓይናፋሯ። "እናንተን ባያድን እንኳ ዘራችሁ ይትረፍ። ንብ ከአበባዬ ብናኝ ታምጣላችሁ፤ ልጆቻችሁ እንደ እኔ ጠንካራ ሆነው ይወለዳሉ።"

ንብም እግሯን ብናኝ አልብሳ ደረሰች። "ቶሎ በሉ እንጂ! ፀሐይ ከበረታ አበባችሁ ይከደናል።"

ታላቋ ዱባ አበባዋን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። "ወግጂልኝ! የእንጨት ልጆች እናት ከምባል ዘሬ እዚሁ ይቅር!"

"እውነትሽን ነው እትዬ!" አሉ ሌሎቹም፣ አበባቸውን እየከደኑ።

ይሄኔ ትሉ ከታላቋ ዱባ ሐረግ ውስጥ ሆኖ፣ አፉን እንደሞላ፣ "እሰይ የኔ እመቤት! ጨዋ ማለት እንዲህ ነው፤ ሲበሉት እንኳ ጥርስ አያስቸግርም" አላት።

ተረቴን መልሱልኝ፣ አፌንም በዱባ ወጥ አብሱልኝ።