ይጨመርና ይበቃል

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ተረት ላወርድላችሁ ነው። ጆሯችሁን አቅኑ፣ ሳቃችሁንም ቀረብ አድርጉት።

ድሮ ድሮ፣ ድንጋይ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ገደል አፋፍ ላይ ባልና ሚስት ሰሶች ይኖሩ ነበር። ሰስን ታውቁታላችሁ? ከፍየል የሚያንስ፣ በኮቴው ጫፍ ቆሞ ገደል ለገደል የሚዘል የዱር እንስሳ ነው። ባልየው አያ ሸንቁጥ፣ ሚስትየዋ እመት ድንቄ ይባላሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ስሟ ሚጡ ነው።

የሰስ ኑሮ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲግጥ ሌላው ከፍ ብሎ ይጠብቃል፤ ነብር ከመጣ ያፏጫል። ሸንቁጥ ሲበላ ድንቄ ትጠብቃለች፤ ድንቄ ስትበላ ሸንቁጥ ይጠብቃል። እንዲህ ሆነው ተዛዝለው ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን ዝናቡ አባርቶ፣ ሣሩ ብቅ ብቅ ሲል፣ ሸንቁጥ ልጁን አያት። ሚጡ ከጥላዋ ጋር ትጫወታለች። ወደ ቀኝ ትዘላለች፤ ጥላዋም ወደ ቀኝ ይዘላል። ወደ ግራ ትዘላለች፤ ጥላዋም ወደ ግራ። የሸንቁጥ ሆዱ ባባ።

"ድንቄ" አለ።

"አቤት።"

"አንድ ይጨመር።"

"ምኑ?"

"ልጅ ነዋ!"

ድንቄ ማላመጧን አቆመች። "ይበቃል" አለች።

"ይጨመር እንጂ!"

"ይበቃል አልኩ!"

ገደሉ ውስጥ የሚኖረው የገደል ማሚቶ ደግሞ ወሬ አያሳድርም። "ጨመር! መር! በቃል! ቃል!" እያለ ከአፋፉ እስከ ወንዙ አዳረሰው። የሰሶቹን የቤት ጉዳይ ያልሰማ እንቁራሪት እንኳ አልቀረም።

በማግስቱ ሸንቁጥ በዘዴ መጣ። ከገደሉ ወገብ ላይ ለምለም ቅጠል ቀጥፎ አመጣላት።

"ጣፈጠሽ?"

"በጣም ጣፈጠኝ።"

"ይጨመር?"

"ቅጠሉ ይጨመር፤ ልጁ ይበቃል።"

በሌላውም ቀን በልመና መጣ፤ "ይበቃል" አለችው። ከዚያ በኋላ በቁጣ መጣ፤ እሷም በቁጣ መለሰችለት። ተኳረፉ። ጀርባና ጀርባ ሆነው ዋሉ።

ኩርፊያ ደግሞ መዘዙ ብዙ ነው። አንድ ቀን ሁለቱም ሊጠብቁ ወጡና ሁለቱም ጦማቸውን ዋሉ። ሌላ ቀን ሁለቱም ሊበሉ ወረዱ፤ ጠባቂ ጠፋ። ሸንቁጥ "እሷ ታያለች" አለ በልቡ፤ ድንቄም "እሱ ያያል" አለች በልቧ። ነብር ግን ሁለቱንም ያያቸው ነበር። በሆዱ እየተሳበ መጣ፤ ሚጡ አጠገብ ሲደርስ ጠጠር ረገጠ። ኮሽ!

"ኮሽ! ኮሽ! ኮሽ!" አለ የገደል ማሚቶ።

ሦስቱም ተፈናጥረው ገደሉ ላይ ወጡ። ነብሩ የሚጡን የጭራ ፀጉር ብቻ በጥርሱ ይዞ ቀረ።

"ስሙኝ" አለ ማሚቶ፣ "እኔ የሰማሁትን ነው የምደግመው። ነገ ነብሩ ኮሽ ባይልስ?"

ሸንቁጥ ሚጡን በጎኑ ከለላት። ድንቄም ሚጡን እየላሰች "ሽማግሌ ፊት እንቅረብ" አለች። ቀረቡ።

መጀመሪያ እማማ ሽኮኮ ዘንድ ሄዱ። እማማ ሽኮኮ ከአለት ስር ተቀምጣለች፤ ልጆቿ በጀርባዋ፣ በራሷ፣ በጆሮዋ ላይ ይሯሯጣሉ።

"ይጨመር!" አለች ገና ሳይጨርሱላት። "ምን ጥያቄ አለው! አንተ ድንቡሼ፣ ውረድ! ድንቡሼ አይደለህም እንዴ? ታዲያ አንተ ማነህ?"

"እማማ፣ ስንት ልጆች አሉዎት?" አለች ድንቄ።

"ጠዋት ነው ወይስ አሁን?" አለች እማማ ሽኮኮ።

ቀጥለው አያ ኤሊ ዘንድ ወረዱ። አያ ኤሊ አንገቱን ቀስ ብሎ አወጣ። "የምትጣሉበት አልገባኝም። ሚስቴ እንቁላሏን አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች፣ ሁለታችንም መንገዳችንን እንሄዳለን። ልጆቻችን መንገድ ላይ ቢያገኙን ጎረቤት ይመስሏቸዋል። ሰላም ነው" አለና አንገቱን መለሰ።

በመጨረሻ አባ ቋጥኝ ዘንድ ወጡ። አባ ቋጥኝ ገደሉ ሳይኖር የነበረ ትልቅ ድንጋይ ነው። ጉዳዩን ከሥር ከመሠረቱ ነገሩት።

"ሰማሁ" አለ። "ላስብበት።"

ከዚያ ዝም አለ። ፀሐይ ከራሳቸው ላይ አለፈች፤ እሱ ዝም። ነፋስ መጣ፣ ነፋስ ሄደ፤ እሱ ዝም። ሽማግሌ ሳያሰናብት መነሳት ነውር ስለሆነ ሚጡን እግራቸው ሥር አስተኝተው ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ቁጭ እንዳሉ ቀሩ።

ድንቄ መጀመሪያ ትከሻዋ ተነቀነቀ። "ጎረቤት ይመስሏቸዋል!" አለችና በሳቅ ፈነዳች። ሸንቁጥም "ጠዋት ነው ወይስ አሁን?" ብሎ ተከተላት። ከተኳረፉ ወዲህ አብረው ሲስቁ የመጀመሪያቸው ነበር። ሳቁ ሲበርድ ሸንቁጥ ዞር ብሎ አያት።

"ድንቄ፣ ለምንድን ነው ይበቃል የምትይው?"

"ዛሬ ገና ጠየቅኸኝ" አለች። "ሚጡ በተወለደችበት ክረምት አንተ ከላይ ቆመህ ትጠብቅ ነበር፤ አላፊ አግዳሚውም 'ጎበዝ አባት' ይልሃል። እኔ እታች፣ ስንጥቁ ውስጥ ነበርኩ። ዝናቡ ጎኔን ይደበድበኛል፣ ጡቴ ደርቋል፣ ልጅቷ ታለቅሳለች። ነብር እንዳይሰማት አፏን በአንገቴ እጋርድ ነበር። አንድ ቀን ገደሉን ቁልቁል አየሁትና 'ብወድቅ አርፍ ነበር' አልኩ። ለማንም አልተናገርኩም።"

የሸንቁጥ ጆሮ ወደቀ። "እኔ እኮ ደህና ያለሽ መስሎኝ..."

"ከላይ ስታየኝ ደህና እመስላለሁ። አንተስ? ለምንድን ነው ይጨመር የምትለው?"

"እናታችንን ነብር የወሰዳት ቀን ከወንድሜ ጋር ተቃቅፈን ነው ያደርነው። እሱ ባይኖር እኔም አልኖርም ነበር። እኛ ያለፍን ዕለት ሚጡ ከማን ጋር ታለቅሳለች ብዬ ነው።"

ድንቄ ወንድም እንደነበረው ታውቃለች፤ ይህን ግን አታውቅም ነበር። ራሷን በአንገቱ ላይ አሳረፈች።

"ሸንቁጥ፣ አላታልልህም። ሌላ ልጅ አልችልም፤ ቁርጡ ይኸው ነው። ከዚህ ጋር መኖር ትችላለህ?"

ሸንቁጥ "ይጨመር" ሊል አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። የሚወዳት ሚስቱ ገደሉን ቁልቁል ስታይ ታየችው።

"እችላለሁ" አለ። "ማዘኔ ግን አይቀርም።"

"እዘን። አብሬህ አዝናለሁ።"

ተቃቅፈው ትንሽ አለቀሱ። ይህን ጊዜ አባ ቋጥኝ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጠጠር ረገፈ።

"እህ... ጥያቄያችሁ ምን ነበር?"

በሳቅ ከአፋፉ ሊወድቁ ምንም አልቀራቸው! "ተመልሷል አባታችን!" አሉት።

"ጎሽ። እኔም ልል ያሰብኩት እሱን ነው" አለ አባ ቋጥኝ፣ ኮራ ብሎ።

ሸንቁጥ ወዲያው አልተጽናናም። ከማዶ ገደል አዲስ ግልገል ባየ ቁጥር መጋጡን ትቶ ይቆማል። ድንቄም "አሁንም?" አትለውም፤ መጥታ ጎኑ ትቆማለች፤ እስኪያልፍለት ድረስ አብራው ማዶ ታያለች።

አንድ ጠዋት ሸንቁጥ ሚጡን ይዞ እማማ ሽኮኮ ዘንድ ወረደ። "ከልጆችዎ ጋር ትጫወት?" አላት።

"አንዲት ብትጨመርብኝ መች ይታወቀኛል!" አለች እማማ ሽኮኮ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሚጡ ከጥላዋ ጋር መዝለል ተወች። የሽኮኮ ልጆች የአለት ስንጥቅ ውስጥ መሹለክን አስተማሯት፤ እሷም መዝለል አስተማረቻቸው። ሸንቁጥ ከፍ ብሎ ሁሉንም ይጠብቃል፤ ነብር ብቅ ሲል ያፏጫል፤ መንጋው ሁሉ እየተንጫጫ ይገባል። ያ ነብር ተስፋ ቆርጦ አገር ለቀቀ ይባላል። ድንቄ ደግሞ ፀሐይ ላይ ጋደም ብላ ታመሰኳለች፤ ወፈረችም፣ አማረባትም። ባሏ በየጊዜው ይወርድና "ደህና ነሽ?" ይላታል፤ መልሷንም ሳይሰማ አይወጣም።

ባልና ሚስት የሆናችሁ ስሙ፤ ከመጮሃችሁ በፊት ተጠያየቁ። የአንዳችሁ ምኞት የቀረ እንደሆነም፣ ያን ሐዘን ብቻውን አታሳድሩት።

እኔ ተረቴን ከአፌ አውርጃለሁ፤ እናንተ ተሸክማችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ።