ከዋክብት የተሰለፉባት አመተ ማርያም

የመስሚያ ጆሮና የማፈሪያ ፊት ትስጠን፤ እመቤታችን ስለ አንዲት ወዳጇ ያደረገችውን ተአምር እነሆ እንነግራችኋለን። በደብረ ጽባሕ አጥቢያ አመተ ማርያም የምትባል፣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የምታዘጋጅ ሴት ነበረች፤ ፊደል አልቆጠረችም፣ ባልም ልጅም አልነበራትም፤ የነበራት አልጋ ላይ የዋለች እናቷና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጋር የተያያዘች ጥቂት ቦታ ብቻ ነበረች። በየቀኑም ፀሐይ ስትጠልቅ እናቷን አብልታና ጎኗን አገላብጣ ከደጇ ትወጣና የመጀመሪያው ኮከብ እስኪታይ ድረስ ትጠብቃለች፤ በታየም ጊዜ «እመቤቴ ሆይ፣ መብራትሽን አየሁ፤ እንደምን አመሸሽ» ብላ ወደ መቅደሱ ዞራ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ትሰግዳለች፤ ሰማዩ በደመና ቢሸፈንም «ኮከቡ እንደሆነ ከደመናው በላይ አለ» እያለች ስግደቷን አላስታጎለችም።

በአንድ ዓመት የበልግ ዝናብ ቀረና ሕዝቡ ተጨነቀ፤ በሚያዝያም ጨረቃ በወጣች በሦስተኛው ቀን፣ ገና ሲመሽ፣ ዝሁራና መሽተሪ መሪሕም የተባሉት ሦስቱ ከዋክብት ከጨረቃ ጋር እንደ መቁጠሪያ በአንድ መስመር ተሰልፈው ታዩ። ያማረ ነገር ነበር፤ ፈጣሪን የሚያስመሰግን ነበር፤ ሕዝቡ ግን አይቶ ተንቀጠቀጠና ወደ ደብተራ ልሳኑ ሮጠ። ይህ ልሳኑ ድምፁ መልካም፣ ልቡ ግን ክፉ የሆነ ሰው ነበረ፤ ያችንም የቅጥር ጥግ ቦታ ብዙ ዘመን ሲመኛት ኖሯል፤ ስለዚህ «ዝናቡን ያሰረ ሰው አለ፤ ኮከቦቹም የተሰለፉት ጠሪ ስላላቸው ነው። እስቲ በየምሽቱ ወጥታ ሰማይ የምታይ ማን ናት?» አላቸው።

ወገኖቼ፣ ፍረዱ እስቲ! የሰማይ ብርሃናትን የሚያሰልፍ ማን ነው? ጧፍ የምትፈትል ድኃ ናትን? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሰማዩን ቢፈሩ ሴቲቱን ያዙ። በየበዓሉ እርሷ የፈተለችውን ጧፍ ያበሩ እጆች ወደ እርሷ ተጠቆሙ፤ አንድም «ኧረ ተዉ» ያለ ሰው አልተገኘም።

ከዚያም ልሳኑ በደጀ ሰላም ተቀምጦ ስሟንና የእናቷን ስም በብራና ጻፈና የየፊደሉን ቁጥር ደምሮ፣ ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት እየቀነሰ በቀረው «ኮከቧ ዐቅራብ፣ ጊንጡ ነው፤ ተናዳፊ ናት!» ብሎ ጮኸ። ሕዝቡም እስከ ነገ ፀሐይ መጥለቂያ እናቷን ተሸክማ ከአገር እንድትወጣ፣ እንቢ ብትልም ቤቷ በላይዋ እንዲቃጠል ፈረደባት። እርሷም ከቅጥሩ ሥር ወድቃ «እመቤቴ፣ እኔስ ልሂድ፤ እናቴ ግን ዳገቱን ሳትጨርስ ትሞትብኛለች» እያለች አለቀሰች፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድምና ሊነጋጋ ሲል ድካም ጣላት።

ያን ጊዜ እመቤታችን በብርሃን ተገልጣ «አትፍሪ። ስምሽ በእኔ ዘንድ በአልፋው አ ተጽፏል፤ ልሳኑ ግን እያወቀ በዓይኑ ዐ ጻፈው። ሄደሽ ንገሪው» አለቻት። አመተ ማርያም አልፋውም ዓይኑም ምን እንደሆኑ አታውቅም ነበርና እንዳይጠፋባት ቀኑን ሙሉ በአፏ ስትደግመው ዋለች።

ፀሐይም ስትጠልቅ ሕዝቡ ችቦ ይዞ መጣ፤ እርሷም በደጇ ቆማ «አባቴ ደብተራ፣ እመቤቴ ልካኛለች። ስሜ በአልፋው ነው ብላለች፤ እርስዎ ግን እያወቁ በዓይኑ ጻፉት» አለችው። የልሳኑም ፊት አመድ መሰለ። ሁለቱ ፊደላት ድምፃቸው አንድ ነው፤ ነገር ግን አመት በአልፋው አገልጋይ ማለት ነው፣ በዓይኑ ሲሆን የዘመን ስም ነው፤ በቆጠራም አልፋው አንድ፣ ዓይኑ ሰባ ነው። እርሱም ብቻውን በቤቱ በአልፋው ቢቆጥረው ደግ ኮከብ ወጥቶላት ነበርና ስለዚህ ለውጦት ነበር፤ ይህንንም ከእርሱ በቀር ያወቀ አልነበረም።

የደብሩ አለቃ ሀብተ ጽዮን «ሀ ብላ ላልተማረች ሴት ይህን ማን ነገራት? ብራናውን ወዲህ በል!» ብለው ተቆጡ። ብራናው በተገለጠ ጊዜ ዓይኑ ዐ በሰው ሁሉ ፊት ጠፍቶ በስፍራው አልፋው አ በቀይ ቀለም ቆመ። ልሳኑም ብዕሩን አውጥቶ ዳግመኛ ዐ ጻፈ፤ ዳግመኛ አ ሆነ፤ ሦስተኛ ሊጽፍ ሲል እጁ እንደ እንጨት ደረቀና ወድቆ ኃጢአቱን ተናዘዘ።

ሕዝቡም ችቦውን ጥሎ «እማሆይ፣ ማሪን!» እያለ ከእግሯ ሥር ተደፋ። ትናንት ጠንቋይ፣ ዛሬ እማሆይ! እርሷ ግን «እግዜር ይማራችሁ። አሁን ግን ከፊቴ ዘወር በሉ፤ ኮከቡ ከታየ ቆየ፣ ስግደቴን አስረሳችሁኝ» አለቻቸው፤ እነርሱም አፍረው ከኋላዋ ሰገዱ። በስግደቷም መካከል የልሳኑን ስም ብታነሣ እጁ ተፈታ፤ ነገር ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ዓይኑን ዐ መጻፍ ተስኖት «ዓለምን» ሳይቀር በአልፋው ሲጽፍ ኖረ። ዝናቡም በጊዜው ዘነበ፤ ያሰረው ሰው አልነበረምና።

እናትና ልጅም እመቤታችንን እያመሰገኑ በዚያችው ቤት በሰላም ኖሩ። እኛንም እመቤታችን ከሐሰተኛ ቆጣሪና ሳይመረምር ከሚፈርድ ጉባኤ ትጠብቀን፤ ችቦ ይዘን ከተሰለፍንም እጃችን ሳይደርቅ ታስጥለን፤ ያነበበውን፣ የሰማውንና ከዛሬ ጀምሮ «ኧረ ተዉ» የሚለውን በልጇ ቀኝ ታቁመው፤ ለዓለመ ዓለም አሜን።