የቡፌዋ ሙሽራ

ተረት ላወራችሁ ነው። እኔ ልናገር፣ እናንተ ስሙ። በመካከል ግራ የገባው ካለ አይፈር፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ግራ ገብቶኝ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጉልላት የሚባል ሰዓት ጠጋኝ ነበረ። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ቤቱን የሞላው አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊት ስላችሁ ሕፃን የሚያቅፈው እንዳይመስላችሁ። ከካርቱንና ከፊልም የወጡ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጡ የፕላስቲክ ምስሎች ናቸው። ጺማም የባሕር ወንበዴ አለ፣ አንድ እግሩን ያነሳ ሮቦት አለ፣ የሚስቅ ዘንዶ አለ። እናቱ የእንግዳ ብርጭቆ ትደረድርበት የነበረውን ባለ መስታወት ቡፌ ለእነሱ ለቀቀላቸውና ብርጭቆዎቹን ለጎረቤት አደለ። አንዲት አፏ የተሸረፈ ብርጭቆ ብቻ የሚወስዳት ጠፍቶ ቡፌው አናት ላይ ቀረች።

እሑድ እሑድ ጉልላት በጢም ብሩሽ አቧራቸውን እያራገፈ በየስማቸው ይጠራቸዋል። አንዱም አቤት ብሎት አያውቅም። እሱ ግን ደስ ይለው ነበር።

ከቡፌው ሥር እመት አይጢት ከአንድ ልጇ ከድንቡሼ ጋር ትኖራለች። ድንቡሼ ለትዳር ደርሷል። ልቡ የወደደው ጓዳ ካለው የምስር ጆንያ ጀርባ የምትኖረውን ሲጢትን ነው። ሲጢት ደግሞ ለፍላፊ ናት፤ ስትስቅም ስትቆጣም ቤቱ ሁሉ ይሰማታል።

እመት አይጢት እንደ ወጉ ሦስት ሽማግሌ ላከች። አንዱ አባ ቆራጤ ነው፤ በወጣትነቱ ጭራውን ድመት የወሰደችበት ሽማግሌ አይጥ። ሁለተኛው አያ እንሽላሊት፣ ሦስተኛው አያ በረሮ ነው። መቼም ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ሲመጣ የልጅቷ ወገን ወዲያው አይመልስም፤ ዘመድ እናማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ ይላል። ልጅቷም ተደብቃ ትሰማለች እንጂ አትታይም። እዚህ ግን ገና አባ ቆራጤ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ሲጢት ከጆንያው ጀርባ ብቅ አለች።

«ለድንቡሼ ከሆነ እሺ ብያለሁ። እኔም እወደዋለሁ። አትመላለሱ፣ እግራችሁን አይድከመው» አለቻቸው።

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት እያዩ ተመለሱ። በተጠየቀች ቀን እሺ ያለች፣ ነገ ባልተጠየቀችበትም ትናገራለች ብለው ለእመት አይጢት ነገሯት። እመት አይጢትም ለልጄ ዝምተኛ ምራት እንጂ ደወል አልፈልግም አለች። ድንቡሼ አለቀሰ፤ እናቱን ግን እንቢ አላላትም። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል።

በዚያው ሳምንት ጉልላት አዲስ ምስል ገዝቶ መጣ። ሰማያዊ ካባ የደረበች፣ ቀይ ቦት ጫማ የተጫማች አይጥ ናት። የቡፌው በር አልገጥም ካለ ቆይቷልና እመት አይጢት በክፍተቱ አሾልካ አየቻት። ልጅቷ ንቅንቅ አትልም፣ ትንፍሽ አትልም። እመት አይጢት ምራቴን አገኘሁ አለች።

ጉልላት ወደ ሥራው ሲሄድ ሽማግሌዎቹ ቡፌው ውስጥ ገቡ። ጺማሙን ወንበዴ አባቷ ነው ብለው እጅ ነሡትና የመጡበትን ተናገሩ። ወንበዴው ዝም። ልጅቷም ዝም። አያ በረሮ ግራ ገባው፤ ቢያንስ ተቀመጡ አይባልም ወይ ሲል ጠየቀ።

«ጨዋ ቤተሰብ በመጀመሪያ ቀን አይመልስም» አለው አባ ቆራጤ። «ዝም አይነቅዝም።»

ሁለተኛ ጊዜ ሄዱ። አሁንም ወንበዴው ዝም፣ ልጅቷም ዝም። ይሄኔ ብርጭቆዋ ከቡፌው አናት ተናገረች።

«ጎበዝ፣ እነዚህ ውስጣቸው ባዶ ነው። እኔ ባዶነትን አውቃለሁ። ስንት ዓመት ተሞልቼ፣ ስንት ዓመት ባዶዬን ተቀምጫለሁ።»

አባ ቆራጤ ቦታዋን ስለወሰዱባት ቀንታ ነው አለ። አያ እንሽላሊት ግን ግራ ገባው። ብርጭቆዋን ሲያያት እውነቷን ይመስለዋል፤ አባ ቆራጤን ሲያየው እሱም እውነቱን ይመስለዋል። ግድግዳው ላይ ሁለት ጊዜ ዞሮ ከብዙኃኑ ጋር ተስማማ።

ሦስተኛ ጊዜ ጥሎሽ ይዘው ሄዱ። እመት አይጢት ለክረምት ያጠራቀመችውን ምስር አንድ ሳታስቀር ሰጠቻቸውና በሙሽራዋ ቀይ ጫማ ሥር ከመሩት። ማታ ጉልላት ሲገባ ምስሩን አየ። ፕላስቲክ ምስር ያበቅላል እንዴ ብሎ ራሱን አከከ። አልጣለውም፤ የሚሰበስብ ሰው ምን ይጥላል። በትንሽ ጠርሙስ ሞልቶ ከዘንዶው ጎን አቆመው። በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ጥሎሹ ተነሥቶ ቢያዩ ተቀበሉን ብለው ሰርጉን ለሐሙስ ቆረጡ።

ይህን ሁሉ የጎረቤት ድመት በመስኮት ስትሰማ ነበር። ዝም ያለ ሁሉ ጨዋ የሚባልበት ቤት ለእኔ የተሠራ ነው ብላ አሰበች። ሐሙስ ጠዋት በመስኮት ገብታ የቡፌውን በር በመዳፏ ከፈተችና በሮቦቱና በዘንዶው መካከል ተቀመጠች። አልነቃነቅም፣ አላሸልብም ብላ ጸጥ አለች።

ሰርገኞቹ መጡ። ድንቡሼ ታጥቦ፣ ጭራው በቅቤ ተወልውሎ ከፊት ቆመ፤ ዓይኑ ግን ወደ ጓዳ ነበር። አያ በረሮ ያቺ ትልቋ ማን ናት ብሎ ጠየቀ። አባ ቆራጤ ትክ ብሎ አያትና የተቆረጠ ጭራው አሳከከው።

«ድመት ትመስለኛለች» አለ። «ግን እኔ የማውቃት ድመት ትዘላለች። ይቺ ዝም ብላለች። እንግዲህ የሙሽራዋ አክስት ትሆናለች።»

እጅ ነሷት። ድመቷም ዝም አለች።

ሲጢት ሳትጠራ መጥታ ወንበር ሥር ቆማ ነበር። ሰርጉን አይታ አልቅሳ ልትመለስ ነበር የመጣችው። ነገር ግን የአክስቲቱ ሆድ ሲያብጥና ሲሟሽሽ አየች።

«ድንቡሼ፣ ያቺ ትልቋ ትተነፍሳለች» ብላ ጮኸች።

ድንቡሼ ዘወር ብሎ ሙሽራዋን አየ። ሙሽራዋ አትተነፍስም። ከሁለቱ የትኛዋን እንደሚፈራ ግራ ገባው። ድመቷ ስትዘል ግን እግሩ ቀደመው፤ እንደ ባል ደግሞ የሙሽራዋን እጅ ይዞ ሮጠ። ሙሽራዋ ወደቀች፣ አንገቷ ተነቅሎ ተንከባለለ። ያኔም አልጮኸችም። ሁሉም ከቡፌው ሥር ሾልከው ገብተው ተረፉ፤ የድንቡሼ ጭራ ግን ግማሹ በድመቷ አፍ ቀረ።

ማታ ጉልላት የወደቁትን ምስሎች ሲያነሣ ምን እንደሆነ አልገባውም። የሙሽራዋን አንገት በማጣበቂያ መለሰላት፣ ትንሽ ግን ዞረበት። ከዚያ ወዲህ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። ምስሩ ጠርሙስ ውስጥ ቀረ፤ ክረምቱም መጣ።

እመት አይጢት ጥፋቷን አመነች። ልጄን ያተረፈችው ያቺ የናቅኋት አፍ ናት ብላ ሽማግሌዎቹን ወደ ሲጢት መለሰች። ሄዱ፤ ሲጢት ብቅ አለች፣ አየቻቸው፣ ዝም አለች። ሁለተኛ ሄዱ፤ ዝም። ሦስተኛ ጊዜ ድንቡሼ ራሱ ግማሽ ጭራውን ይዞ ሄደ። ይቅር በይኝ፣ ስትናገሪ ልሰማሽ ይገባኝ ነበር አላት። ሲጢት ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ዝም አለች።

አያ በረሮ እሺ ማለቷ ነው አለ። አያ እንሽላሊት እንቢ ማለቷ ነው አለ። አባ ቆራጤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አላውቅም አለ። ብርጭቆዋን ሄደው ጠየቋት።

«የዚያኛዋ ዝምታ ባዶ ነበር» አለቻቸው። «ይህኛው ሙሉ ነው። በምን እንደተሞላ ግን እኔም አላውቅም።»

ድንቡሼ እስከ ዛሬ ከምስር ጆንያው ፊት ተቀምጦ ይጠብቃል። ለዚህ ነው፣ ስትናገር ያልሰማ ዝም ስትል ይጨነቃል የሚባለው።

እኔም ጨረስኩ። ተረቱን ወደዳችሁት ወይስ ጠላችሁት? ብቻ ዝም አትበሉኝ።