ማንም ሳይሞት የተነፋው ጥሩምባ

አንድ ሰው ነበር። ሥራው ጥሩምባ መንፋት ነው። የሠርግ ጥሩምባ እንዳይመስላችሁ፤ የእድር ጥሩምባ ነው። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ገና ጎህ ሲቀድ ይነሣል፣ ጋቢውን ይደርባል፣ ከሰፈሩ ጫፍ እስከ ጫፍ እየዞረ ይነፋል። ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የእድሩ አባላት በሙሉ! አቶ እገሌ ስላረፉ በስድስት ሰዓት ለቀብር እንድትወጡ!» ይላል። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲህ ሲል ኖረ።

እስኪ ንገሩኝ፣ የዚህን ሰው ድምፅ የሚወድ አለ? የለም! ሴቶቹ በራቸው ላይ ቆሞ «እንደምን አደራችሁ?» ሲላቸው እንኳ ደረታቸውን ይዘው «በሰላም ነው?» ይሉታል። ነገሩ የሆነው ወደዚህ ደብር ከመዛወሬ በፊት ባገለገልኩባት ትንሽ ከተማ ነው። እኔም ራሴ፣ ቄስ ሆኜ፣ ከሩቅ አይቼው መንገድ የቀየርኩበት ቀን አለ። ምን ልዋሻችሁ?

ስሙ ጋሽ ይፍሩ ነው። ብዙ አልተማረም። ግን የሟቾችን ስም እየጠራ የሚዞር ሰው፣ ሌላው የማያስተውለውን ያስተውላል። አንድ ዓመት ከመስከረም እስከ ግንቦት አሥራ አንድ ጊዜ ነፋ። ከአሥራ አንዱ ስምንቱ ሃምሳ ዓመት እንኳ ያልሞላቸው ነበሩ። ባለ ሱቁ ደጁ ላይ ወደቀ፣ አልተነሣም። አናጺውን ስኳር በሽታ መጀመሪያ እግሩን ወሰደበት፣ ቀጥሎ ራሱን ወሰደው። የሦስት ልጆች እናት የሆነችው ልብስ ሰፊ ደግሞ ጠዋት ግማሽ አካሏ አልታዘዝ አላት፣ ሳምንት አልቆየችም።

ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ምን እንላለን? «ትናንት አብሮን ነበር እኮ! ምንም አልነበረበትም እኮ!» እንላለን። አንዱ «ምች ነው የመታው» ይላል። ሌላዋ «የሰው ዓይን ነው» ትላለች። እውነት ምንም አልነበረበትም? ማን ለክቶት? ማን መርምሮት? እኛ የምናውቀው መቅበሩን ነው። መቅበር ላይማ ማን ይችለናል!

የልብስ ሰፊዋ ቀብር ዕለት ጠዋት ድንኳን እየተተከለ ነበር። የእድሩ ዳኛ አቶ ልሳነወርቅ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የጋሽ ይፍሩ የልጅነት ጓደኛ። ዳኛው እንደ ወትሮው እያዘዙ ሳለ ድንገት የድንኳኑን ምሰሶ ተደገፉ። ፊታቸው በላብ ተጠምቋል። ጋሽ ይፍሩ ጠጋ አለ።

«ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ራሴን ትንሽ ከበድ አለኝ። እንቅልፍ ነው።»

«ጤና ጣቢያ የሰጡህ የደም ግፊት ክኒንስ?»

«ተውኩት።»

«ለምን?»

«ተሻለኛ! የተሻለው ሰው መድኃኒት ይውጣል እንዴ? ሦስት ወር ዋጥኩ፣ በቃኝ።»

ጋሽ ይፍሩ ወደ ሟቿ ቤት እያመለከተ፣ «ልሳነ፣ እሷም እኮ ‘ራሴን ነው፣ እንቅልፍ ነው’ እያለች ነው የሰነበተችው» አላቸው።

«አንተ ደግሞ መቼ ነው ሐኪም የሆንከው? ያንተ ሥራ መንፋት ነው። ንፋ ስትባል ንፋ!»

ጋሽ ይፍሩ ወደ ድንኳኑ ሥራ ተመለሰ። በኋላ ለእኔ ሲነግረኝ ግን እንዲህ ነው ያለኝ፦ «አባ፣ ለወንድሜ ነፍቻለሁ፣ ለሚስቴም ነፍቻለሁ። የልሳነን ስም ግን በዚህ አፌ ለቀብር አልጠራም። አልችልም።»

በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ። እዚያ የምትሠራ ሲስተር ትርንጎ የምትባል ነርስ አለች። «ቅዳሜ ጠዋት መለኪያሽን ይዘሽ ትመጪልኛለሽ?» አላት።

«ማን ይመጣል ብለው ነው ጋሼ? ሁለት ጊዜ ቤት ለቤት ዞሬ ‘ደህና ነን’ እያሉ መለሱኝ።»

«ሰው ማምጣቱን ለእኔ ተይው» አለ።

ሰው ማምጣት ያውቅበታላ! ግን ልብ በሉ፣ የእድሩ ደንብ ያለ ሞት ጥሩምባ መንፋትን ይከለክላል። የነፋ ሰው ከእድር ይሰረዛል። ከእድር መሰረዝ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አላስረዳም። ቀባሪ ማጣት ነው። ጋሽ ይፍሩ ይህን ከማናችንም በላይ ያውቃል። ለአሥራ ስምንት ዓመት ሌላውን ያስቀበረ ሰው፣ የራሱን ቀብር ለጓደኛው ሕይወት አስይዞ ነው የወጣው።

ቅዳሜ ገና ሲነጋ የድንኳን ጠባቂውን አግባብቶ ድንኳኑን ሜዳው ላይ አስተከለ። አግዳሚ ወንበሮቹን ደረደረ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ዳኛው ደጅ ሄደና ሦስት ጊዜ ነፋ። «የእድሩ አባላት በሙሉ! አቶ ልሳነወርቅ ሳይሞቱ ውጡ! እኛም ሳንሞት እንውጣ! ሜዳው ላይ የደም ግፊትና ስኳር ይለካል!» እያለ ጮኸ።

ማን እስከ መጨረሻው ሊሰማው! ጥሩምባ ተነፋ፣ የተነፋውም በዳኛው ደጅ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን መስማት ያስፈልጋል? ሰፈሩ በአንድ ጊዜ ተገለበጠ። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ ጋሽዬ!» እያሉ ወጡ። ወንዶች ጋቢያቸውን እየጎተቱ ሮጡ። እኔም መስቀሌን ይዤ ወጣሁ፤ እንዲያውም በልቤ ለፍትሐቱ ዲያቆን ማን እንደሚገኝ ማሰብ ጀምሬ ነበር፣ ይቅር ይበለኝ!

ከወንዙ ማዶ የምትኖረው የዳኛው ልጅ ፈትለወርቅ ባዶ እግሯን ደረቷን እየደቃች መጣች። «አባዬን! አባዬን!» እያለች የግቢውን በር ስትገፋው፣ በሩ ከውስጥ ተከፈተ። አቶ ልሳነወርቅ መፋቂያቸውን በአፋቸው እንደያዙ ብቅ አሉ።

መሬት ላይ ተቀምጣ እግራቸውን አቀፈች። «አለህ? አባዬ፣ አለህ?» እያለች ታለቅሳለች። ሽማግሌው ደርቀው ቀሩ። ሰፈሩ ሁሉ ደጃቸው ላይ እያለቀሰላቸው ነው። የራሱን ለቅሶ በቁሙ ያየ ሰው ታውቃላችሁ? እኔ አንድ ሰው አውቃለሁ።

ከዚያማ ቁጣው መጣ። እማማ ወርቄ የሚባሉ አሮጊት ጋሽ ይፍሩን በከዘራቸው ትከሻውን አቀመሱት። «ልቤን አቆምከው፣ አንተ ከይሲ!»

«ልብዎ ከቆመማ እማማ፣ ይምጡ ይለኩ» አለ እሱ፣ ትከሻውን እያሻሸ። አንዱ ሳቀ። ሌላው ሳቀ። እየተሳሳቅንም እየተቆጣንም ሜዳው ላይ ደረስን፤ ሲስተር ትርንጎ ጠረጴዛዋን ዘርግታ ትጠብቀናለች። ልጅቷ ሥራዋን ታውቃለች። የደነገጠ ሰው ግፊቱ ስለሚጨምር፣ ሁላችንንም ግማሽ ሰዓት ዝም ብለን እንድንቀመጥ አደረገችን። ሬሳ የሌለበት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን እርስ በርስ ተያየን። ለሕያው የተተከለ ድንኳን ስናይ የመጀመሪያችን ነበር።

ዳኛው ግን «አልለካም! ይህ ሰው ደንብ ጥሷል፣ ይዳኛል!» ብለው ቆሙ። ፈትለወርቅ እንባዋ ሳይደርቅ የአባቷን እጅ ይዛ አስቀመጠቻቸውና እጅጌያቸውን ጠቀለለች። አባት እንዲህ ያለችውን ልጅ ምን ይላታል? ተቀመጡ።

ሲስተር ትርንጎ ለካች። ሌላኛውን ክንድ ለካች። ሁለት መቶ አሥር በመቶ ሃያ።

«አባባ፣ አሁኑኑ ሆስፒታል ይሄዳሉ።»

«ምንም አይሰማኝም እኮ፣ ልጄ።»

«እሱ ነው ክፋቱ፣ አባባ። ሳይሰማዎት ነው የሚጎዳዎት።»

በዚያው ሰዓት ወሰዷቸው። አራት ቀን ተኝተው ወጡ። በዚያ ቅዳሜ ዘጠና አራት ሰው ተለካ። የሃያ ዘጠኙ ግፊት ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከሃያ ዘጠኙ ውስጥ ሃያዎቹ እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ከሃያዎቹ አንዱ፣ ምእመናን፣ አሁን ፊታችሁ ቆሞ የሚያስተምራችሁ ቄስ ነው። እኔ! በየቀብሩ «ሞት አይቀርም፣ ተዘጋጁ» እያልኩ የማስተምረው እኔ፣ አንድ ክንዴን ለመለኪያ ያልሰጠሁ ሰው ነበርኩ።

በሚቀጥለው ሳምንት እድሩ ለፍርድ ተሰበሰበ። ዳኛው ከሳ ብለው፣ ክኒናቸውን በደረት ኪሳቸው ይዘው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ደንቡን አነበቡ።

«ይፍሩ፣ ያለ ሞት ነፍተሃል?»

«ነፍቻለሁ።»

«ጥፋትህን ታምናለህ?»

«አምናለሁ።»

«ይጸጽትሃል?»

«አይጸጽተኝም። ሞተህ ብነፋልህ ነበር የሚጸጽተኝ።»

ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ደንብ ደንብ ነው። ይህ ሰው መቀጣት አለበት። ከእድር ግን አይሰረዝም። ከዛሬ ጀምሮ በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ያለ ሞት፣ በየደጃችን እየዞረ ሲነፋ ይኑር። ቅጣቱ ማብቂያ የለውም።» ያ ሁሉ ለቅሶ የተሰማበት የእድሩ አዳራሽ በእልልታ ተናወጠ።

ይኸው አምስት ዓመት ሆነ። ጥሩምባው ለቀብር መነፋቱን አልተወም፤ ሰው ነንና እንሞታለን። እማማ ወርቄም አርፈዋል፤ ግን በሰማንያ ስድስት ዓመታቸው፣ ልጅ የልጅ ልጅ ከቧቸው። ዳኛው ዛሬም አሉ። የጎረቤት እድሮችም ትምህርቱን ወሰዱ። አንድ ቀን ከላይ የመጡ ባለሥልጣናት ድንኳኑን አይተው፣ «ይህን ያቋቋመላችሁ የትኛው ድርጅት ነው?» ብለው ጠየቁ። እማማ ወርቄ ያኔ በሕይወት ነበሩ፤ «ይፍሩ የሚባል ድርጅት ነው» ብለው መለሱ።

ይህን ስሰማ ኮራሁ። አዎን፣ ኮራሁ! ቄስ አይኮራም ያለው ማን ነው? ድሃ ነን እንላለን። ሐኪሙ ጥቂት ነው፣ መሣሪያው ጥቂት ነው፤ እውነት ነው። ግን በአንድ ማለዳ ሰፈር ሙሉ ሰው ከቤቱ የሚያወጣ ሕዝብ በምን በኩል ነው ድሃ የሆነው? ድንኳኑ የራሳችን ነው። ወንበሩ የራሳችን ነው። መተሳሰቡ የራሳችን ነው። ያጠፋነው አንድ ነገር ነው፦ ይህን ሁሉ ሰው ከሞተ በኋላ ነው የምናወጣው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። ዝም ያላችሁት ለካ እንደምመጣ ገብቷችሁ ነው!

ወጡን ሳትቀምሱ ጨው የምትነሰንሱ፣ አላችሁ? ሻያችሁ ላይ አራት ማንኪያ ስኳር የምትጨምሩ፣ አላችሁ? ሁለት ፌርማታ መሄድ አቅቷችሁ ታክሲ ስትጠብቁ ግማሽ ሰዓት የምትቆሙ፣ ሲጋራውን «ዛሬ ብቻ» እያላችሁ ሃያ ዓመት ያጨሳችሁ፣ አላችሁ? «ጾም ነው» ብላችሁ ክኒን ያቋረጣችሁስ? ለታመመ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደምታዝን አታውቁም? ጠበሉን ጠጡ፣ ክኒኑንም ዋጡ! ሁለቱን ማን አጣላቸው?

ከሁሉ በላይ የማዝነው ግን «ተሻለኝ» ብሎ መድኃኒቱን ለተወ ሰው ነው። ተሻለኝ ያሰኘህ እኮ መድኃኒቱ ነው፣ ወንድሜ! ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ እንዲህ ያለ ሰው አለ። አባት ይሆናል። ሚስት ትሆናለች። አብሮ አደግ ጓደኛ ይሆናል። ይቆጣችኋል፤ «አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?» ይላችኋል። ይበላችሁ። ሲያኮርፍ አብራችሁት ተቀመጡ እንጂ አትመለሱ። እጅጌውን ጠቅልሉለት።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ከደጀ ሰላሙ ጎን ካለው ዛፍ ሥር ሁለት ነርሶች መለኪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ አስቀድሜ እሄዳለሁ። ስቀመጥና ዞር ስል ግን ማንን ነው የማየው? እናንተን ነው ወይስ ባዶ ወንበር?

ዕድሜውን እግዚአብሔር ይስጠን። ክንዳችንን መስጠት ግን የእኛ ድርሻ ነው። በሉ ተነሡ።