እንደ ዶሮ የተከረከመችው በቀቀን

«አንድ ሰው እጁ የለመደውን ሥራ ሲሠራ እግዜርን መጥራት ይረሳል።» አባቴ ይህን ደጋግሞ ይል ነበር። ግንበኛ ነበር። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ እንኳ ጠዋት መዶሻውን ከማንሳቱ በፊት ያማትብ ነበር። እኔ እሰማው ነበር እንጂ ልብ አልለውም ነበር። አሁን የምነግራችሁ የአንዲት አሮጊት፣ የአንዲት ወፍና የአንድ አውቃለሁ ባይ ሰው ታሪክ ነው። አውቃለሁ ባዩ እኔ ነኝ።

በሰፈራችን እማማ ይርገዱ የሚባሉ አሮጊት አሉ። አዳሙ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። አዳሙ በጭነት መኪና ከደን አገር እንጨት ያመላልስ ነበር። አንድ ጊዜ ሲመለስ ገና ላባዋ ያልሞላ በቀቀን በካርቶን ይዞላቸው መጣ። አረንጓዴ ናት፣ ግንባሯ ላይ ቢጫ አለባት። በእጁ እያጎረሰ አሳደጋት። ይህ ልጅ ጠዋት ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት በእናቱ አልጋ አጠገብ ቆም ይልና «እማዬ፣ በላሽ?» ይላል። ሁልጊዜ ነው። ወፏ ይህን ያዘች። በአዳሙ ድምፅ፣ በአዳሙ ለዛ፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ መጎተቱ እንኳ ሳይቀር ያዘችው። በር ላይ ቆሞ የሰማ ሰው አዳሙ ቤት አለ ብሎ ይገባ ነበር።

ከዚያ አዳሙ የተሻለ ሥራ ፍለጋ በረሃ አቋርጦ ሄደ። መጀመሪያ መጀመሪያ ይደውል ነበር። በኋላ ስልኩ ዝም አለ። ሦስት ዓመት ሙሉ ወሬ የለም። ጎረቤቱ ሁሉ በልቡ የሚያስበውን ያስባል፣ በእማማ ይርገዱ ፊት ግን የሚናገር የለም። ለእማማ ይርገዱ የቀራቸው ያ ድምፅ ነው። ጠዋት ዓይናቸውን ሲገልጡ ወፏ ከመስኮቱ ደፍ ብድግ ብላ አልጋው ራስጌ ላይ ታርፍና «እማዬ፣ በላሽ?» ትላለች። እሳቸውም «እበላለሁ ልጄ፣ እበላለሁ» ብለው ይነሳሉ። ለዚያ ቃል ሲሉ ነው ቁርስ የሚቀምሱት።

አንድ ቀን መስኮቱ ክፍት ቀረና ወፏ ወጣች። ግማሽ ቀን ሰፈሩ በሙሉ አንጋጦ ሲፈልጋት ዋለ። የጎረቤት ዛፍ ላይ ነበረች፤ ሲርባት ራሷ ተመልሳ መጣች። እማማ ይርገዱ ግን ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጡ። በማግስቱ አስጠሩኝ።

እኔ ዶሮ አርቢ ነኝ። የሰው ዶሮ አጥር እየዘለለ የሰው ጎመን ሲጨርስ የሚጠራው እኔ ነኝ። የዶሮ ክንፍ በአንድ በኩል ብቻ ነው የሚቆረጠው። ልትዘል ስትል ሚዛኗ ይዛባና ትቀራለች። በቃ፣ ጥበቡ ይኸው ነው። መቀሴን ኪሴ ከትቼ ሄድኩ።

ስገባ ወፏ አልጋው ራስጌ ላይ ሆና አየችኝና «እማዬ፣ በላሽ?» አለች።

«እኔን ነው? ገና ነኝ፣ ምን አዘጋጅተሽልኛል?» አልኳት።

እማማ ይርገዱ ሳቁ። ሲስቁ ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው።

«ልጄ፣ ይቺ ወፍ ብትሄድብኝ የአዳሙን ድምፅ ይዛብኝ ነው የምትሄደው» አሉኝ። «እሱ እስኪመጣ እንዳትበር አድርግልኝ። እንዳያማት ግን።»

«ምን ሊያማት እማማ? ጥፍር እንደ መቁረጥ ማለት ነው።»

«ሁለቱንም ክንፍ ነው የምትቆርጠው?»

«አንዱን ነው። ስንት ዓመት የሠራሁትን ሥራ።»

«እሱ ዶሮ ነው እንጂ። ይቺ እኮ ዶሮ አይደለችም።»

«እማማ፣ ላባ ያው ላባ ነው።»

«እኔማ ምን አውቃለሁ» አሉ። «ከላይኛው ሰፈር የእንስሳት ሐኪም አለ ይላሉ። ሰው ልኬ ልጠይቀው ወይ?»

«ለዚች ለጭብጥ ለማትሞላ ወፍ ሐኪም? ሰው ይስቅብዎታል! አውቃለሁ አልኩዎት እኮ።»

እንዲህ አልኩ። እውነቱን ልናገር፣ አላውቅም ነበር። በቀቀን በእጄ ይዤ አላውቅም። ግን ዶሮ አዋቂ ተብዬ ተጠርቼ፣ «አላውቅም» ብዬ መውጣቱ አሳፈረኝ። አላማተብኩም፣ በስመ አብም አላልኩም። ወፏን ደረቷን ጨብጬ ያዝኳት። እንደ ዶሮ እንዳታመልጠኝ አጥብቄ ነው የያዝኳት። ቀኝ ክንፏን ዘረጋሁና ከጫፍ እስከ ብብቷ ከሥር ከሥሩ ቆረጥኩት። ከላባዎቹ መሃል ሁለቱ ግንዳቸው ወፈር፣ ጠቆር ያለ ነበር። አየኋቸው፤ ግን አልፌ አልተውኳቸውም። ስቆርጣቸው ደም ፊን አለ። ወፏ የሰው በማይመስል፣ የወፍም በማይመስል ድምፅ ጮኸች። እማማ ይርገዱ «ማርያም! ማርያም!» እያሉ ደሙን በነጠላቸው ጫፍ ያዙላት። አመድ ነሰነስኩበት። ቆይቶ ደሙ ቆመ።

«አይዞዎት፣ ነገ ትረሳዋለች» ብዬ ወጣሁ።

በማግስቱ ጠዋት ወፏ እንደ ልማዷ ከመስኮቱ ወደ አልጋው ተነሳች። አንድ ክንፍ አየር ይዞ፣ አንዱ ባዶውን አጨበጨበ። አየር ላይ ዞረችና ወለሉ ላይ በደረቷ ወደቀች። ወለሉ ድንጋይ ነው። ዶሮ ቢሆን አጥር ሥር ይቀራል፣ መሬት ላይ ይኖራል። እሷ ግን ከፍታ ነው የምታውቀው። ተመልሳ በምንቃሯ መጋረጃውን ይዛ ወጣች፣ ደግማ ተነሳች፣ ደግማ ወደቀች። እማማ ይርገዱ እንዳትወድቅ እጃቸውን ዘርግተው ከአልጋው ሥር ቁጭ ብለው ዋሉ። በሦስተኛው ቀን መሞከር አቆመች። ስምንት ቀን ኖረች። በእነዚያ ስምንት ቀናት ውስጥ አንድ ቃል አልተናገረችም። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ካርቶን ውስጥ ሞታ ተገኘች።

ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። እሳቸው ግን «ለድካምህ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ፣ አስበህልኝ ነው» አሉኝ። ቁጭ ብዬ አፈርኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ምግብ አመላልስላቸዋለሁ። «ጠግቤያለሁ» ይሉኛል። የሳህኑ ክዳን እንኳ ሳይከፈት ይመለሳል።

አንድ ቀን እጄን ያዝ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ድምፁ እየጠፋብኝ ነው። ስጸልይ ፊቱ ይመጣልኛል፣ ድምፁ አይመጣም። አንተ ያን ዕለት ወፏ ስትል ሰምተሃታል አይደል? እስኪ በልልኝ።»

ምን ልበል? እንደ ምንም ብዬ «እማዬ፣ በላሽ?» አልኩ።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፣ እንዲህ አልነበረም» አሉ። «ተወው ልጄ፣ ተወው።»

ከወራት በኋላ ጸጸቱ አልለቅ ሲለኝ ጸበል ልጠመቅ ወደ አንድ ገዳም ሄድኩ። ከበሩ ውጪ ከወይራው ጥላ ሥር አንድ የማላውቀው ሰው ተቀምጧል። ትከሻው ላይ በቀቀን አለች። ከደን አገር ነው የመጣው። ወፏ ጭራዋን እያራገበች ጆሮውን ትነካካዋለች። ክንፎቿን አየሁ፤ ሁለቱም ተከርክመዋል፤ ግን ካልነገሩህ አታውቀውም። ደንግጬ እንዴት እንደሚቆረጥ ጠየቅኩት።

«ሁለቱንም እኩል ነው» አለኝ። «ከጫፍ ያሉትን ረጃጅሞቹን ብቻ፣ እነሱንም ከወገባቸው እንጂ ከሥራቸው አይደለም። መጀመሪያ ትንሽ ትቆርጥና ታያታለህ። ስትለቃት እንደ ቅጠል ቀስ ብላ መውረድ አለባት፤ እንደ ድንጋይ ከወደቀች አበዛህባት ማለት ነው። ግንዱ ጠቆር ያለ አዲስ ላባ ካለ ደም ቋጥሯልና አትነካውም፣ እስኪደርቅ ትጠብቃለህ። አንድ ሰው በፎጣ ጠቅልሎ ይይዛታል፣ ሌላው ይቆርጣል። ደረቷን መጨበጥ የለም፤ ደረቷ ካልተነፋ አትተነፍስም። ላባው ደግሞ ይበቅላል፤ እያየህ መከርከም ነው። እንዲያም ሆኖ ንፋስ ሊያነሳት ይችላልና ውጪ ስትሆን አትዘናጋም። ቤት የምትውል ወፍ ከሆነች ግን ጭራሽ ባትቆረጥ ይሻላል። መስኮቱን በሽቦ ወንፊት ሸፍኖ ክንፏን ለራሷ መተው ነው።»

«ይህን ሁሉ ከየት አወቅከው?» አልኩት።

«እኔ ምን አውቄ? ሐኪም ጠይቄ ነው። የመጀመሪያውን ቀን እኔ እያየሁ ራሱ ቆርጦ አሳየኝ፣ ሁለተኛውን ቀን እኔ ስቆርጥ ቆሞ አየኝ።»

የሽቦ ወንፊት። የእማማ ይርገዱ መስኮት አንድ ክንድ አይሞላም። በግማሽ ቀን ወንፊቱን በምስማር እመታው ነበር።

ወገኖቼ፣ ይህን የጻፍኩት ወፍ ላላችሁ ብቻ አይደለም። ብዙ ሰው የሚጎዳው በክፉ ሰው እጅ ሳይሆን እንደ እኔ ባለ ደግ ነኝ ባይ እጅ ነው። አንድ ሥራ ስለምናውቅ ሁሉን የምናውቅ ይመስለናል። በዶሮ የሠራው በበቀቀን ይሠራል እንላለን፤ ለአንዱ ልጅ የሆነው ለሌላው ይሆናል እንላለን፤ አንዱን በሽተኛ ያዳነውን ለሌላው እንሰጣለን። የሚወደውን አምጥቶ በእጃችን ላይ ያስቀመጠ ሰው ሲጠይቀን ደግሞ «አውቃለሁ» ብለን አፉን እናስዘጋዋለን። ዛሬ በእጃችሁ ላይ የማን ነገር አለ? ስለ እሱስ የማታውቁትን ማንን ጠይቃችኋል?

ያን ሰው ስሙን እንኳ አልጠየቅኩትም። የእማማ ይርገዱን ነገር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት። ሲሰማኝ ቆየ፣ ወፏን ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጣት፣ ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«ወንድሜ፣ እኒያ እናት ሐኪም ልጠይቅ ወይ ሲሉህ፣ ‹እኔም አላውቅም፣ አብረን ሄደን እንጠይቅ› ብትላቸው ኖሮ ምን ይጎድልብህ ነበር?»