ለጉድጓዱ የተሰጠ ተራ

አንድ የውሃ አባት ነበረ።

አሊጋዝ፣ ቁጭ በልና ስማኝ። የመብራት ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገውሃል፤ በመንደራችሁ ሶላሩ ከተተከለ ወዲህ ግን ሰዉ «ፀሐይ የአላህ ናት፤ ለእሷ ደግሞ ምን መዋጮ አለ? ያሻንን ያህል እናብራ» እያለ እምቢ አለህ። ነገ ስትሰበስባቸው በምን ልጀምር ብለህ ነው የመጣኸው። መልሱ ከዚህ የውሃ አባት ዘንድ ነው።

አንተ ቧንቧ ከፍተህ ያደግህ ስለሆንክ ላስረዳህ። የውሃ አባት ማለት በመስኖ አገር ውሃውን ለገበሬው በተራ የሚያካፍል ሰው ነው። ዘንጉን መሬት ላይ ይተክልና ጥላው የተሰመረለት ቦታ ሲደርስ «በቃህ፤ የሚቀጥለው ይክፈት» ይላል። እንዲህ ሲባል የማይቆጣ ገበሬ የለም። ስለዚህ ለዚህ ሥራ ሀብታም ወይም ጉልበተኛ አይመረጥም፤ የሚመረጠው ለእናቱ ማሳ እንኳ የማያዳላ ሰው ነው። ይህኛውም እንደዚያ ነበር። እናቱ እስክትሞት ድረስ በዚህ ነገር አኩርፋው ኖራለች።

ታዲያ ወንዙ ደረቀ። ሰዎቹ ጉድጓድ ቆፈሩ፤ አንድ ሀብታም ሰው የናፍጣ ሞተር አመጣና ውሃውን እየሳበ በሰዓት ያከራያቸው ጀመር። ናፍጣው ውድ ነው። ገበሬው የሽንኩርቱ እግር እንደረጠበ «አጥፋው! አጥፋው!» እያለ ወደ ሞተሩ ይሮጣል። ይህን ጊዜ ሰዎቹ የውሃ አባቱን «እንግዲህ አንተን ምን ልናደርግህ? ኪሳችን ራሱ ያስቆመናል» አሉትና አሰናበቱት። ቅር ብሎታል፤ ለምን አይለው? ዘንጉን ይዞ ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ አንድ ፕሮጀክት መጣና ጉድጓዱ አጠገብ ሶላር ተከለላቸው። ስምንት ሰሌዳ በብረት ቋሚ ላይ ተደረደረ። ፓምፑ ማብሪያ ማጥፊያ የለውም፤ ፀሐይ ስትወጣ ይነሣል፣ ስትጠልቅ ይቆማል። ናፍጣ የለ፣ ኪራይ የለ፣ ጭስ የለ። ወይፈን አርደው ተደሰቱ፤ ደስታቸውም ትክክል ነበር። ለናፍጣ ሲሉ ፍየላቸውን የሸጡ፣ ልጃቸውን ከትምህርት ያስቀሩ ሰዎች ናቸው። የሀብታሙ ሞተር ጥግ ተጥሎ ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ጀመር።

ግን «አጥፋው!» የሚል ሰው ጠፋ። ተራ አለ፤ ልክ የለም። ባለተራው ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ይከፍታል። ሽንኩርት ብቻ የነበረው ሸንኮራ ተከለ፤ ሸንኮራ የነበረው ሙዝ ጨመረ። ከማሳው የተረፈው ውሃ መንገዱን ጭቃ አደረገው፤ ያውም በበጋ። ሰዎቹ ጭቃውን እየረገጡ ይስቁ ነበር። የጨው ተራራ ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባል የለ?

ጉድጓዱ የሽንኩርት ብቻ አልነበረም። ሴቶቹ የሚጠጣውን ውሃ የሚቀዱት ከዚያው ነው፤ ሌላው ምንጭ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። አንድ ቀን የውሃ አባቱ ሚስት ከውሃ ስትመለስ «ገመዴ አልደርስ አለኝ፤ የጎረቤቴን ቀጥዬ ነው የቀዳሁት» አለችው። በወሩ የሁለት ጎረቤት ገመድ መቀጠል ግድ ሆነ።

ሰውየው ገበሬዎቹን ሰብስቦ «እባካችሁ እስከ እኩለ ቀን ብቻ እንሳብ» አላቸው። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። አንዱማ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ሥራህ ናፍቆህ ነው! ለፀሐይም ዘበኛ ልትቆም ነው?» አለና አሳቀበት። ሰውየው እውነቱን ይሆን እንዴ፣ ሹመቴ ናፍቆኝ ይሆን ብሎ ራሱን ተጠራጠረ። ብዙ ቀን ዝም ያለው ለዚህ ነው። እሱ ዝም ባለ ቁጥር ጉድጓዱ ይወርዳል።

ከዚያ ውሃው ቀላ። ፓምፑ ጭቃ እየሳበ ማሳል ጀመረ። ሽንኩርቱ ሊነቀል ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ይህን ሲያዩ የሚተዉ ይመስልሃል? ባሰባቸው። እያንዳንዱ «ሌላው ሳይጨርሰው እኔ ልድረስ» አለ። ዱላ ይዘው ቱቦ መጠበቅ ጀመሩ። ከአንድ እናት የተወለዱ ወንድማማቾች ተያይዘው የአንዱ ራስ ተፈነከተ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ደርድረው ጭቃው እስኪረጋ ይጠብቃሉ፤ ሕፃናቱ በተቅማጥ ታመሙ። ሁሉም ጉድጓዱ እየሞተ መሆኑን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም አብዝቶ ይስባል። አሊጋዝ፣ እኔ ከድርቅ ይልቅ ይህን እፈራለሁ።

በዚህ መሐል የውሃ አባቱ ተራ ደረሰ። የእሱ ሽንኩርት ከሁሉም በላይ ተጠምቷል፤ ቅጠሉ ቢጫ ሆኗል፤ ያን ቀን ካልጠጣ አበቃለት። ሚስቱ ቱቦውን ዘርግታ ማሳው ዳር ትጠብቃለች። ሰውየው ግን ቱቦውን አልፎ ሄደ። ብረቱ ላይ ወጣ፤ ጋቢውን ከትከሻው አወረደና ሰሌዳዎቹ ላይ ዘረጋው። ሁለቱን ሸፈነ። ፓምፑ አቃሰተ፤ ግን አልቆመም። ሚስቱ አየችው። ዞር ብላ ሽንኩርቱን አየች። ከዚያ ቤት ገብታ የሚተኙበትን ሰሌን ተሸክማ መጣችና ሰጠችው። እሱንም ሲዘረጋው ፓምፑ ቆመ።

ፓምፑ ዝም ማለቱን የሰሙ ሁሉ ዱላቸውን ይዘው ሮጡ። ከፊት የሚሮጠው የነገው ባለተራ ነበር፤ ያ ያሳቀበት ሰውዬ።

«ውረድ! ፀሐይን በሰሌን ልትጋርድብን ነው? ውሃውን ካልፈለግኸው ለእኔ ስጠኝ!»

«ዛሬ የማን ተራ ነው?» አለ የውሃ አባቱ።

«ያንተ ነው፤ ታዲያስ?»

«ተራዬን ለጉድጓዱ ሰጥቼዋለሁ።»

ያ ሰው ዱላውን እንዳነሣ ቀረ። በዚያ አገር ከወንዙ ዘመን ጀምሮ የቆየ ሕግ አለ፤ ባለተራ ውሃውን ካልፈለገ ላሻው ሰው ይሰጣል። ለመበለት ቢሰጥ፣ ሐዘን ለተቀመጠ ጎረቤቱ ቢሰጥ፣ ለምን ብሎ የሚጠይቀው የለም። ለጉድጓድ የሰጠ ሰው ታይቶ አይታወቅም፤ አይሰጥም የሚል ሕግ ደግሞ የለም። «አብዷል» አሉ። ግን የራሱን ሽንኩርት የሚገድልን ሰው ምን ብለህ ትመታዋለህ? የሌላ ሰው ተራ ነክቶ ቢሆን ኖሮ፣ ወላሂ፣ አጥንቱን ይሰብሩት ነበር።

ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ብረቱ ሥር ተቀመጠ። እነሱም ዱላቸውን ተደግፈው ቆሙ፤ ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። አመሻሽ ላይ አንዲት ሴት ባልዲዋን ወደ ጉድጓዱ ለቀቀች። ከጠዋቱ በአንድ ክንድ ባጠረ ገመድ ውሃ ነካ። የወጣው ውሃ ደፍረስ ያለ ነበር፤ ግን አልቀላም።

በማግስቱ ያ ቁጡ ሰውዬ ለማሳው ውሃ ለቀቀ። እኩለ ቀን ሲሆን ሰው ሁሉ ያየው ጀመር። ቆየና ጋቢውን አውልቆ ብረቱ ላይ ወጣ፤ ሰሌን አስጨምሮም ፓምፑን አቆመ። ከደግነት አይደለም፤ አፍሮ ነው። ለጉድጓዱ ሁለቱም ያው ነው። ከእሱ ቀጥሎ የነበረውም እንዲሁ አደረገ፤ ጉድጓዱም ተረፈ።

የውሃ አባቱ ሽንኩርት ግን ሞተ። ምሳሌ ነውና ይትረፍለት ብዬ አልዋሽህም።

እንግዲህ አሊጋዝ፣ የእናንተ መንደር ጉድጓድ ባትሪው ነው። በላምባ ዘመን ሰው ኩራዙን ቶሎ የሚያጠፋው ልክ ማወቅ ገብቶት አልነበረም፤ ላምባ ስለሚገዛ ነው። ውድነት ክፉ ጌታ ነበር፤ ቢሆንም ይዞን ነበር። አሁን ሄዷል፤ አልሐምዱሊላህ፣ ይሂድ። ፀሐይ የአላህ ናት ያሉህም እውነታቸውን ነው። ባትሪ ግን ከሰማይ አይወርድም። መዋጮው የፀሐይ ዋጋ አይደለም፤ ባትሪው ሲደክም የሚተካበት ነው። እሱንም ቢሆን ሁሉም እንዳሻው ከሳበበት መዋጮ አያድነውም። ባትሪው ሲሞት ፀሐይ እንደ ልማዷ ትወጣለች፤ በጤና ኬላው ያለው የሕፃናት ክትባት ግን ሞቆ ይበላሻል። ብርሃን አጥታ በጨለማ የምትወልድ እናትም ያንተው ጎረቤት ናት።

ሰዉ ለምን እምቢ እንዳለህ ደግሞ ልንገርህ፤ ቅር አይበልህ። በመንደሩ ቀን ከሌሊት የማይጠፋ ፍሪጅ ያለው አንድ ሱቅ ብቻ ነው፤ ለስላሳ ያቀዘቅዛል። ሱቁ ያንተ ነው። ሰዎቹ እየገዙህ ይጠጣሉ፤ እየጠጡም ያዩሃል።

ስለዚህ ነገ በንግግር አትጀምር። አሁን ከዚህ እንደወጣህ ሂድና ፍሪጅህን ንቀል። ከዚያ ሰብስባቸው።