ችግኙን የት ልንተክል ነው?

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው ግን የበረት ሳይሆን የሕንፃ ነገር ነው።

አያ ጅቦ ለአውሬው ሁሉ የሚያከራየው የገበያ ሕንፃ ሊሠራ ተነሣ። ዘመኑ ሕንፃ ሁሉ ከተፈጥሮ ጋር ይስማማ የሚባልበት ነበርና፣ እሱም «ከእኔ በላይ ለተፈጥሮ ተቆርቋሪ ላሳር!» ይል ጀመር።

በቦታው መካከል እመት ጦጣ ተወልዳ ያደገችበት ትልቅ ዋርካ ነበር። ቆራጮቹ መጥረቢያ ይዘው ሲመጡ ከዛፉ ወርዳ አያ ጅቦን ለመነችው።

«አያ ጅቦ፣ ሕንፃውን በዋርካው ዙሪያ ብታሠራው እኮ ጥላውም ነፋሱም በነፃ ነው።»

አያ ጅቦ በአላዋቂነቷ አዘነላት። «አይ እመት ጦጣ! ለምርቃቱ ዕለት የችግኝ ተከላ አለን። ዋርካው እዚህ ከተገተረ ችግኙን የት ልንተክል ነው?»

እንዲህ ላለ ጥበብ ምን መልስ ይገኛል? ዋርካው ተገነደሰ፤ ሕንፃውም ከላይ እስከ ታች መስታወት ለበሰ።

በምርቃቱ ዕለት የክብር እንግዳው ዝሆን ከጉቶው አጠገብ ችግኝ ተከለ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። ከመስታወቱ የምታንጸባርቀው ፀሐይ ግን አናት ትበሳ ነበር። ዝሆኑ ላቡ እየተንጠፈጠፈ «ለመሆኑ እዚህ ጥላ የለም?» ሲል ጠየቀ።

«ጌታዬ፣ አሁን ተከሉት እኮ!» አለ አያ ጅቦ።

ዝሆኑ ተናዶ ሊሄድ ሲነሣ፣ እመት ጦጣ ከጉቶው ላይ ሆና ጮኸች፦

«ጌታዬ፣ እባክዎ አይንቀሳቀሱ! ችግኟ የተጠለለችው በእርስዎ ነው።»

ተረቴን ጨረስኩ፤ ዳቦው ለእኔ፣ ውሃ ማጠጣቱ ለእናንተ።